የእማማ ብርቄ ዳቦ ቆሎ በባለ ሁለት ፎቁ አውሮፕላን

ከለንደን ከተመለስኩ ወዲህ ሰበታ ላይ ሥራዬን በሰላም መሥራት አልቻልኩም። ከሰበታ አየር ጤና በሚኒባስ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ ሰው ከእኔ የሚፈልገው "ወራጅ አለ" ሲል እንድቆምለት ብቻ ነበር። አሁን ግን ተራ አስከባሪው፣ ጎሚስታው፣ ሻይ የምትሸጥልን ሴትዮ ሳትቀር "ግርማ፣ እስቲ ስለዚያ ፎቅ ስላለው አውሮፕላን ንገረን" እያሉ ይይዙኛል። መንገሩ አይደክመኝም፤ ነገር ግን መሃል ላይ ስደርስ "ይሄንንማ ፈጠርከው" ይሉኛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል ብዬ ቁጭ አልኩ። ያላመነ ቡራዩ ሄዶ እማማ ብርቄን ይጠይቅ፤ ብቻ ዳቦ ቆሎ ሳይቀምስ እንደማይለቁት ከወዲሁ ይወቀው።

እማማ ብርቄ የባለቤቴ የሌንሴ እናት ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ሶሬቲ ለንደን ትዳር ይዛ ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆየላትም። ይሄኛው ሦስተኛው ነው። ዘጠኝ ወሯ ሊገባደድ ጥቂት ቀን ሲቀር ደውላ እያለቀሰች፣ "እማ፣ ያንቺ ዳቦ ቆሎ አማረኝ፤ ሌላ ነገር አፌ አልገባ አለኝ" አለቻቸው። የእርጉዝ አምሮት እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ለንደን ሳይሆን ጨረቃ ላይ ብትሆንም ይደርስላታል። እማማ በማግስቱ ዱቄት አቦኩ። ቪዛውንና ትኬቱን የሶሬቲ ባል ጨረሰ። ሌንሴ የምታጠባው ልጅ ስላላት እሳቸውን ይዞ መሄድ የእኔ ዕጣ ሆነ።

"እናቴንም ዳቦ ቆሎውንም ሶሬቲ እጅ ሳታስረክብ ወደዚህ ቤት እንዳትመለስ" አለችኝ ሌንሴ።

እጄን ሕፃኑ ራስ ላይ አድርጌ ማልኩላት። ሹፌር እንደመሆኔ ሰውም ዕቃም ማድረስ ሙያዬ ነው ብዬ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ከሰበታ በጠዋት ተነሳሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ቡራዩ ደርሶ እማማን ማንሳት፣ ከዚያ ሱሉልታ ሄዶ ታላቅ ወንድማቸውን ኦቦ ቱፋን ማስመረቅ ነበር። ኦቦ ቱፋ ሳይመርቁ እማማ ገበያም አይወጡም፣ እንኳን ባሕር ሊሻገሩ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከተማውን ከበው የተቀመጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እኔ በማውቀው መንገድ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ መሃል አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከሁሉም ጋር ተጋፍቶ፣ በሌላ በር መውጣት ግድ ነው። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ቡራዩ ስደርስ እማማ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አጠገባቸው አንድ ሻንጣና አንድ የጨርቅ ከረጢት አለ። ከረጢቱን ሳነሳው ወገቤ ተንቋቋ።

"እማማ፣ ይሄ ሁሉ ለሶሬቲ ነው?"

"ግማሹ ነው የሶሬቲ። ግማሹ ለተሳፋሪው ነው።"

"ለየትኛው ተሳፋሪ?"

"አብሮን ለሚሄደው ነዋ! ሰው ፊት ብቻዬን ላላምጥ ነው እንዴ? ነቀምት ስሄድ እንደዚሁ ነው የማደርገው። አንድ አውቶቡስ ሰው፣ ለአንዱ አንድ እፍኝ። ሌንሴ ደግሞ አውሮፕላኑ ፎቅ አለው ስላለችኝ ትንሽ ጨምሬበታለሁ።"

ሳቅኩና ከረጢቱን መኪናው ላይ ጫንኩት። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ አምስት መቶ ሰው እንደሆነ ብነግራቸው ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ሱሉልታ የሐምሌ ጭጋግ ውስጥ ተደብቃ አገኘናት። ኦቦ ቱፋ ሰማንያን የተሻገሩ የከብት ጌታ ናቸው፤ ቤታቸው ወተት እንደ ውሃ ነው። እኛ ግን የደረስነው ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ያን ሁሉ ወተት እያየሁ በሽሮ አደርኩ። እማማ ረቡዕና አርብን አይነኩም፤ ወንድማቸውም አይነኩም። እኔ ብቻዬን ብሆን መንገደኛ ነኝ ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ አላጣም ነበር።

"አካም ጅርቱ! ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ!" ብለው ካቀፉን በኋላ እማማ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ኦቦ ቱፋ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ምርመራ ጀመሩ።

"ስንት ሰው ይጭናል?"

"እንደዚያ የሚባለው አምስት መቶ ገደማ ነው፣ ኦቦ።"

"ትርፍ ሳይቆጠር?"

"ትርፍ አይጭንም።"

"ስንት ጎማ አለው?"

"ሃያ ሁለት።"

ጎማው አስደሰታቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ድንገት ፊታቸው ጠቆረ። "ቆይ፣ እህቴ ከላይ ናት ከታች?"

"ከታች።"

"ታዲያ ከላይዋ ማን ይቀመጣል?"

"ብዙ የከፈለ ሰው።"

"ብዙ የሚከፍል ሰው ወፍራም ነው" አሉ ኦቦ ቱፋ። ወዲያው ግን ከዚህ የባሰ ነገር ታያቸው። "አምስት መቶ ሰው እስኪሞላ መቼ ሊነሳ ነው? እሱ ሞልቶ እስኪነሳ እኮ ልጅቷ ትወልዳለች!"

ይህን ሲሉ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደነገጥኩ። አሥራ ሁለት ሰው እስኪሞላልኝ አንዳንድ ቀን ስንት ሰዓት እንደምቆም አውቃለሁ። ማታ ኦቦ ቱፋ አልጋቸውን ለእኔ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ፤ እምቢ ብል "እህቴን የሚያደርስ ሰው ወገቡ እንዳይቆለመም" አሉኝ። ሁለት ጋቢ ደረቡልኝና በዚያ ብርድ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ሐሙስ

ጾሙ አለፈና ጠዋት የጠጣሁትን ወተት ብዛት አልናገርም። ኦቦ ቱፋ ቆመው መረቁን፤ ምርቃቱ እኛን፣ ሶሬቲን፣ የአውሮፕላኑን ሹፌር፣ ሃያ ሁለቱን ጎማ በየተራ የሚያዳርስ ነበር። ከዚያ ወደ ኤርፖርት ወረድን። ሸኚው ከቡራዩም ከሰበታም ተሰብስቦ ስለነበር በሚኒባሴ ውስጥ ስንት ሰው እንደተጫነ ከእኔና ካስቆመን ትራፊክ በቀር ማንም አያውቅም። ትራፊኩ በሩን ከፍቶ አየና፣ "ምንድነው ይሄ?" አለ። እማማ ከመሃል ሆነው "ልጄ ልትወልድ ነው፣ እንግሊዝ አገር!" አሉት። ሰውየው ትንሽ አሰበ። "በሽልም ያውጣት" ብሎ በሩን ራሱ ዘጋልን።

ፍተሻው ላይ የከረጢቱ ጉዳይ አንድ ጊዜ አስጨነቀኝ። ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ፈታሿ መልሳ አሳለፈችው፤ ደግማ አሳለፈችው። "ምን ዓይነት ጠጠር ነው?" አለች። ዳቦ ቆሎ መሆኑን ስነግራት ለማረጋገጥ አንድ አነሳች፤ እማማ ግን አንድ እፍኝ ጨበጡላት።

የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ትንሿ ነበረች። ትንሿ የምላት ፎቅ ስለሌላት ነው እንጂ ሚኒባሴን ከነጋራዡ ትውጣለች። ትልቁ እኛ ዘንድ አይመጣም፤ እሱን ለማግኘት ወደ አንዲት የዓረብ ከተማ ተወስደን ተሰብስበን መጠበቅ አለብን። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ደርሶ መልስ ያየሁት ኤርፖርቷን ብቻ ነውና ስለ አገሯ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። እማማ ነገሩን ሳስረዳቸው ወዲያው ገባቸው። "ከቡራዩ ሱሉልታ ለመሄድ አዲስ አበባ እንደምንገባው ማለት ነው" አሉ። ልክ እንደዚያ ነው። ትልቅ መኪና በየሰፈሩ አይዞርም፤ ትንንሾቹ ለቅመው ያመጡለታል።

ያደርነው አየር መንገዱ በሰጠን ሆቴል ነው። ለየብቻ ክፍል ሰጡን። እማማ በሕይወታቸው ብቻቸውን ክፍል ውስጥ አድረው አያውቁም፤ በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንዲት የኔፓል ልጅ ፎጣ ልታስቀምጥ መጥታ ስታያቸው ገባት መሰለኝ፣ ሥራዋን ጨርሳ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። በምን ቋንቋ እንዳወሩ አላውቅም። ክፍሌን አይቼ ስመለስ ሁለቱም የልጆቻቸውን ብዛትና ስም ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። ሰው አገር ሄጄ እንዲህ ያለ ደግነት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ለዚያች ልጅ ዕድሜና ጤና እመኝላታለሁ።

አርብ

በማግስቱ ጠዋት በመስታወቱ አየሁት። መጀመሪያ ከኋላው ያለ ሕንፃ መስሎኝ አውሮፕላኑ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር። በኋላ ግን መስኮቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ክንፉ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ ጎማ አየሁ። ቆጠርኩት፤ ከቆምኩበት የሚታየኝ ሁሉ ትክክል ነበር። አንዲት ጎማ ስትፈነዳ ምን እንደሚኮን የሚያውቅ ሰው ለዚህ መኪና ባለቤት ያዝንለታል።

መሳፈሩ ብቻ ከሰበታ አየር ጤና ሁለቴ ያመላልሳል። በሦስት በር፣ በሁለት ፎቅ ሰው ይገባል፣ ይገባል፣ አያልቅም። ያ ሁሉ ሰው ሰበታ ላይ ቢሰለፍ ሰልፉ ዓለም ገና ይደርሳል። እማማ የሚያልፈውን ሁሉ "ጤና ይስጥልኝ" እያሉ ጀምረው አንገታቸው ሲደክም ተዉት።

ከዚያ ያ የፈራሁት ነገር ተገላቢጦሽ ሆኖ መጣ። ከኋላችን ብዙ ወንበር ባዶውን እያለ በሩ ተዘጋ! ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሆስተሷ ሮጣ መጣች፤ ደግነቱ ሃያት የምትባል የደሴ ልጅ ሆና ተገኘች።

"ምን ሆኑ?"

"አልሞላም እኮ!"

"ሰዓቱ ደርሷል፤ ሳይሞላም ይነሳል።"

"ታዲያ በምን ያተርፋል?"

ሃያት ሳቀችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አያተርፍማ። የዚህ አውሮፕላን በሽታው ይሄ ነው። ሲሞላ የሚያህለው የለም፤ ሳይሞላ ግን አራት ሞተር ቁጭ ብሎ ነዳጅ ይጠጣል። አሁን አዲስ መሥራቱንም ትተውታል። ደግሞ ያገኘው ቦታ አያርፍም፤ ማኮብኮቢያው ሰፊ፣ መሰላሉ ፎቁ ድረስ የሚደርስ መሆን አለበት።"

"ቡራዩ ማረፍ ይችላል?" አሉ እማማ።

"ቡራዩ ገና ነው እማማ።"

እኔ መፍትሔ ነበረኝ። አንድ ጠንካራ ረዳት በሩ ላይ ቆሞ "ለንደን! ለንደን! ሁለት ሰው የቀረው!" ቢል ኖሮ ያ ሁሉ ወንበር ባዶ አይሄድም ነበር። ሃያት ለአለቆቿ እነግራለሁ ብላለች።

በጎ ጎኑንም ልናገር፣ በአውሮፕላንም ላይ ቢሆን ግፍ መሥራት አይገባም። ሲነሳ አልተንገጫገጨም። እንዲህ ያለ ልስላሴ ለበዓል በታጠበ መኪናም አላየሁም። ሰፊ ነው፤ ጉልበቴ ከፊቴ ያለውን ወንበር አልነካም። ከሁሉም የገረመኝ ጸጥታው ነው። ሚኒባሴ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የምታሰማውን ጩኸት አራቱ ሞተሮች ተረዳድተው አያሰሙም። ሰው ሲያስነጥስ ከአሥር ወንበር ወዲያ ይሰማል። ያ ጸጥታ ነው እንግዲህ ጉድ ያፈላብን።

ምግብ መጣ። ዶሮ በክሬም። አርብ ነው። ሃያት የጾም ምግብ አስቀድሞ መታዘዝ እንደነበረበት ስትነግረን፣ ማናችንም እንዳላሰብንበት ገባኝ። ለእማማ ያገኘችላቸው ፍራፍሬና ዳቦ ነው።

"አታስቢ ልጄ፣ ስንቅ አለኝ" አሉና ከረጢቱን ፈቱ።

በርበሬው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ የተቆላው ሊጥ ሽታ ተነሳ። እማማ በእጃቸው ዘግነው በመስኮቱ በኩል ወደተቀመጠው ሽማግሌ ፈረንጅ ዞሩና፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ በቡራዩ ድምፃቸው፣ "እንብላ!" አሉ።

የሰው ራስ ሁሉ ዞረ። ሽማግሌው ተቀብሎ አንድ ነገር አጉረመረመ።

"ምን አለኝ?"

እንግሊዝኛዬ ከ"ሄሎ" አይዘልም። "መረቀዎት" አልኩ።

"አሜን" አሉና ለኋላኞቹ ዞሩ። ከዚያ ለፊተኞቹ። ከዚያ በኮሪደሩ ማዶ ላሉት። የተሰጠው ሁሉ እንደ ሽማግሌው ያጉረመርማል፤ እማማ "ምን አለ?" ይሉኛል፤ እኔ "መረቀዎት" እላለሁ፤ እሳቸው "አሜን" ይላሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

"እማማ! የሶሬቲ ነው እኮ! በልጄ ራስ ነው የማልኩት!"

"ለሶሬቲ ብዬ ነው የማደርገው" አሉ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም። "ከረጢቱን ሰው ፊት ፈታሁት። አዩት፣ ሸተታቸው። ዓይን ያረፈበትን ነገር ሳላስቀምስ ወስጄ ለልጄ ላጎርሳት ነው? ሁለት ጊዜ የሆነባት አይበቃትም?"

ይህን ሁሉ ወር በሆዳቸው ይዘውት የዞሩትን ፍርሃት ያን ጊዜ አየሁና ቀሚሳቸውን ለቀቅኩ። ዓይን የሚባለውን ነገር እኔ አምናለሁም አላምንምም አልልም፤ እሳቸው ግን ሁለት የልጅ ልጅ አጥተው ነው የሚናገሩት።

ረዳትነት ከተውኩ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ያን ቀን ተመለስኩበት። ሃያት የወረቀት ናፕኪን አመጣችልን። እማማ ቆሎ ሻጮች እንደሚጠቀልሉት ጠቅለል፣ ቋጠር እያደረጉ ያድላሉ፤ እኔ ከረጢቱን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። አንዱን አዳራሽ ጨርሰን መጋረጃውን ስንገልጥ ሌላ አዳራሽ። እሱን ጨርሰን ስንገልጥ ሌላ። ወንበሩ ባዶ ነው ብዬ የተጨነቅኩበት አፌ ይቆረጥ፤ ያን ጊዜስ ሰው በሰው ላይ መሰለኝ። መጀመሪያ እፍኝ የነበረው ግማሽ እፍኝ ሆነ። ግማሽ እፍኙ በጣት ጫፍ ሆነ። ጅራቱ ጋ ስንደርስ ለአንዱ አምስት አምስት ፍሬ ነበር የሚደርሰው፤ እዚያ ደግሞ ደረጃ አየን።

"ላይም ሰው አለ ለካ!" አሉ እማማ።

"ላይኛው የሀብታሞቹ ነው፤ እኛ አንወጣም" አልኳቸው፤ ተስፋ ነበረኝ።

"ሀብታም አፍንጫ የለውም?"

ሃያት የቀረውን በትሪ አድርጋ ይዛ ወጣች። ተመልሳ "አንዱ ሰውዬ ደገመ" ስትለን ትሪው ባዶ ነበር። ከረጢቱን ገለበጥኩት፤ ዱቄት ብቻ ረገፈ።

እማማ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ባዶውን ከረጢት አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"አንድ አውቶቡስ ሰው ነው ብዬ እኮ ነው" አሉ። "ሰው እንዲህ በዝቶ በአንድ ዕቃ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። ምን ይዤ ልግባ ግርማ? ልጄ በር ላይ ቆማ እጄን ታያለች።"

አማቴ ናቸው፣ እጃቸውን መያዝ አይገባኝም ነበር፤ ያዝኩት።

ያን የሚያህል ነገር መሬት ሲነካ አልተሰማኝም። ሲወርዱ ግን እንደ መሳፈሩ ነው። በሩ ተከፍቶ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ አንድ እርምጃ እየሄደ ያርፋል። ሃያት እማማን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ፊት ወስዳ በሩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። እኔ ባዶውን ከረጢት ይዤ ከኋላ ቀረሁ። እዚህ ላይ የሙያ ልማዴን መናገር አለብኝ፤ ሰው ሲራገፍ ወንበር ሥር ሳላይ መኪና አልዘጋም። ስልክ፣ ጃንጥላ፣ አንዴማ የታሰረች ዶሮ አግኝቼ ለባለቤቷ መልሻለሁ። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ ጎንበስ ብዬ የፊቱን ወንበር ኪስ ፈተሽኩ።

ቋጠሮ። እማማ እንደቋጠሩት፣ ያልተፈታ። የሚቀጥለውን አየሁ። ቋጠሮ። የሚቀጥለውንም።

ለካ ሰዎቹ ለእማማ ክብር ተቀብለው፣ ምን እንደሆነ ስላላወቁት ኪሱ ውስጥ ሸጉጠውት ነበር! የበላ አልጠፋም፤ ህንዶቹ የተቀመጡበት ረድፍ ላይ ፍርፋሪም አልተገኘም። የቀረው ግን ብዙ ነው። ያ የማያልቅ ሰልፍ ጊዜ ሰጠኝ፤ በትንሿ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳለሁ ሰው ወርዶ ባለቀ ነበር። በአንዱ ኮሪደር ሄጄ በሌላው ስመለስ ሰልፍ ላይ የቆሙት ምን እንደምለቅም አዩና ከየቦርሳቸው እያወጡ ያቀብሉኝ ጀመር። ጎረቤታችን ሽማግሌው በራሱ ናፕኪን የቋጠረውን ከኮቱ ኪስ አወጣ፤ ጥርሱን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አሳየኝና ሳቀ። ሰው ሠራሽ ናቸው። ቋጠሮውን ፈትቶ አንድ ነገር ጨመረበትና መልሶ አስሮ ሰጠኝ።

በሩ ላይ ፓይለቱ ቆሞ ይሰናበታል። ሹፌር ለሹፌር ጨበጥኩት።

እማማ ጋ ስደርስ ከረጢቱ ግማሽ ሆኗል፤ ልክ የሶሬቲ ድርሻ።

"ይሄ ከየት መጣ?"

ሰው አልበላልዎትም ማለት አልሆነልኝም። "ሃያት ሳታድለው የተረፈ ነው" አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ገለቶማ" ብለው አመሰገኑኝ።

የሶሬቲ ባል ታደሰ ከኤርፖርት ተቀበለን። እሱም እዚያ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ባለ ሁለት ፎቅ። በመንገድ ላይ ቀዮቹን አውቶቡሶች ያዩት እማማ "እዚህ አገር ፎቅ የሌለው ምንድነው?" ብለው ጠየቁ። ሐምሌ ነው፤ ዝናብ የለም፣ ፀሐዩ አልጠልቅ ብሎ ቆሟል፤ የእኛ ሰበታ በዚህ ሰዓት ጭቃዋን እያቦካች መሆኗ ትዝ አለኝ።

ሶሬቲ እማማ እንዳሉት በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሆዷ ቀድሞን ተቀበለን። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ከቆዩ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። እየበላች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትበላለች። እኔ ለሌንሴ ደውዬ የቆሎውን ድምፅ ብቻ አሰማኋት፣ ኳ ኳ ሲል።

"እማ፣ ለምን በናፕኪን ቋጠርሽው? ደግሞ ይሄ ምንድነው?"

እጇ ላይ ሁለት የሚንት ካራሜላ አለ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

እማማ ካራሜላውን አገላብጠው አዩት። "የዚያ ጥርስ የሌለው ሰውዬ ነው" አሉ። "መብላት ቢያቅተው ዕቃዬን ባዶ አልመለሰም። ከወንበር ኪስ የተለቀመውም ሁሉ ሰው በእጁ የተቀበለው ነው፤ ዓይን የለበትም፤ ብይ።"

ከበሩ ሆነው ሁሉንም አይተዋል ለካ። እኔን ግን አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ምጡ መጣ። ታደሰ መኪናውን ሲያስነሳ ቁልፉ ሁለቴ ሲወድቅበት አየሁና መሪውን ልቀበለው ብዬ፣ በዚያ አገር በተቃራኒው መንገድ እንደሚነዳ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። እማማ ባዶውን ከረጢት ይዘው መጥተዋል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ከቀትር በፊት አንዲት ነርስ ወጥታ በፈገግታ ጠራችን። ሴት ልጅ ናት። ሙሉ፣ ጤነኛ፣ ድምጿ እንደ አያቷ ኮሪደሩን የሚሞላ። እማማ "እልል!" ሲሉ ከሌላ ክፍል ሁለት ሐኪሞች ሮጠው መጡ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት ሶሬቲን። ከዚያ ወደ አማቴ ዞሬ፣ ከትናንት ጀምሮ ሲያቃጥለኝ የነበረውን ተናገርኩ። "ይቅር ይበሉኝ እማማ። ሰዎቹ ምን እንዳሉ አላውቅም ነበር። 'መረቀዎት' ያልኩት ከራሴ ነው።"

እማማ ሕፃኗን እንደታቀፉ ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝም።

"እኔ እኮ ለእያንዳንዱ አሜን ብያለሁ" አሉ። "አምስት መቶ ጊዜ። በትንሿ አውሮፕላን መጥተን ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አሜን የት አገኝላት ነበር?"